ሲስተሙ መኪና ውስጥ ነዎት ይላል

አንዲት እናት ቤታቸው ውስጥ፣ ሶፋቸው ላይ ተቀምጠው «ሶፋዬ ላይ ነኝ» ሲሉ፣ ስልክ ጆሮው ላይ ለጥፎ «የለም፣ ሶፋዎ ላይ አይደሉም» ብሎ የሚከራከር ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ እኔ አለሁላችሁ። ያውም በባዶ ሜዳ አልተከራከርኩም፤ ማስረጃ ይዤ ነው። ትንሽ ቢታገሱኝ ኖሮ አሳምኛቸው፣ ተነስተው ራሳቸውን መፈለግ ይጀምሩ ነበር።

ነገሩ እንዲገባችሁ ከራሴ ልጀምር። የምሠራው ሳን ሆዜ ነው። ድርጅታችን ትንሽ ናት፤ ሐኪም ቤት የሚመላለሱ ሰዎችን በቫን ከቤታቸው እያነሳች ታደርሳለች፣ ሲጨርሱም ትመልሳለች። እኔ ቫን አልነዳም። የትኛው ሹፌር የማንን በር አንኳክቶ ወዴት ይዞት እንደሚሄድ የሚወስነውን ዳታ ነው የምሠራው። ዳታ ምን እንደሆነ ለዘመድ ለማስረዳት የሞከረ ሁሉ ድካሜን ያውቀዋል። እናቴ ጎረቤት ሲጠይቃት «ኮምፒውተር ላይ ነው» ትልና ወሬ ትቀይራለች፤ እኔም ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኘሁም።

የምኖረው ደግሞ ኦክላንድ ነው፤ እትዬ አልማዝ ተሰማ ቤት አንድ ክፍል ተከራይቼ። እትዬ አልማዝ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሳቅ የማያበዙ ሴት ናቸው። ጠዋት ሲጸልዩ ግድግዳው ስስ ስለሆነ አብሬ እጸልያለሁ፤ ስሜ ሲነሳ ደግሞ ያ ቀን ምን እንዳጠፋሁ እሰማለሁ። ኩላሊታቸው ከደከመ ቆይቷል። በሳምንት ሦስት ቀን ኦክላንድ ወዳለ የኩላሊት እጥበት ክሊኒክ ይሄዳሉ፤ የሚያመላልሳቸውም የእኛ ድርጅት ቫን ነው። ክሊኒኩ ውስጥ መስኮት አጠገብ ያለችውን ወንበር «የኔ ወንበር» ይሏታል። ሌላ ሰው ተቀምጦባት ካገኙ ያን ሰሞን በጸሎታቸው አያነሱትም።

እጥበት ቀልድ አይደለም። አንድ ጊዜ ቀርቶባቸው ፊታቸው አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሯቸው፣ በአምቡላንስ ሲወሰዱ አብሬያቸው ነበርኩ። እጄን የያዙበት አያያዝ እስካሁን ይሰማኛል። ስለዚህ የእሳቸው ቫን ለኔ ሥራ ብቻ አልነበረም።

አሁን ወደ ጥፋቱ እንምጣ። ድርጅታችን ሁለት ትናንሽ ድርጅቶችን ገዛች፤ አንዱ የኦክላንድ፣ ሌላው የሳን ሆዜ። ሰዎቹ መጡ፣ ቫኖቹ መጡ፣ ዳታቤዞቻቸውም መጡ። የኦክላንዱ አንድ ዓይነት፣ የሳን ሆዜው ሌላ ዓይነት፣ የሒሳብ ክፍሉ ደግሞ ክላውድ በሚሉት የኢንተርኔት ማከማቻ ላይ ያለ ሦስተኛ ዓይነት። ዳታቤዝ ሁሉ አንድ ይመስላችሁ ይሆናል። ሁሉም ሰንጠረዥ ይይዛሉ፣ ነገር ግን እያንዳንዱ የሚታዘዝበት የራሱ አነጋገር አለው። አንዱ ጋ ቀንን እንዲህ ጠይቅ ይልሃል፣ ሌላው ጋ እንደዚያ ብትጠይቀው በቀይ ጽሑፍ ይሰድብሃል። ወራት ሙሉ ከሦስቱ ጋር በሦስት አፍ ስነጋገር ጸጉሬ መሳሳት ጀመረ።

በመጨረሻ ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የሚሠራ አንድ መሣሪያ አገኘሁ። ሰንጠረዡን ምን እንዲያደርግልህ እንደምትፈልግ በፓይተን አንድ ጊዜ ብቻ ትጽፋለህ፤ እሱ ያንኑ ለእያንዳንዱ ዳታቤዝ በሚገባው አነጋገር ይነግርልሃል። ዳታቤዝ ስትቀይር የምትለውጠው አንድ መስመር ነው፤ ከማን ጋር እንደምትነጋገር የምትናገረውን። ሌላው እንዳለ ይቀመጣል። አንድ ሌላ ጠባይም አለው፦ ስታዝዘው ወዲያው አይሠራም። እሺ ብሎ ይቀመጣል፤ «ውጤቱን አምጣ» ስትለው ነው የሚነሳው። በዚህ ከአክስቴ ልጅ ጋር ስለሚመሳሰል ገና ከጅምሩ ወደድኩት። ልዩነታቸው መሣሪያው መጨረሻ ላይ መነሳቱ ነው።

ለአለቃዬ ለዲያና ገለጽኩላት። ዲያና ሹፌር ሆና የጀመረች፣ አሁን ሥራውን ሁሉ የምትመራ ሴት ናት፤ የቴክኖሎጂ ሰው ረጅም ንግግር ሲጀምር ሰዓቷን ታያለች።

«ሦስቱን ዳታቤዝ በአንድ ኮድ?» አለችኝ።

«በአንድ ኮድ።»

«ላፕቶፕህ ላይ ከሞከርከው በኋላ ወደ ትልቁ ለመውሰድ የምትቀይረው አንድ መስመር ብቻ?»

«አንድ መስመር ብቻ!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

መጠርጠር ነበረብኝ። የኛ ቸርች በእንግሊዝኛ የሚሰብክ እንግዳ ሲመጣ ጎበዝ አስተርጓሚ አለን፤ አንዲት ቃል አያስቀርም። ያንኑ ስብከት ግን ፊት የተቀመጡት ወጣቶች ማበረታቻ ነው ብለው አሜን ይላሉ፣ ኋላ የተቀመጡት እናቶች ደግሞ ተነካን ብለው ያኮርፋሉ። አስተርጓሚ ቃሉን ያደርሳል እንጂ የሰሚውን አመል አይቀይርም። ይህን በየእሁዱ እያየሁ መሣሪያውን ስይዝ ረሳሁት።

የሰጠሁት ትእዛዝ ቀላል ነበር። ከሁለቱም ድርጅት ጋር የተመዘገበ አንድ ሰው ካለ ሁለት ቫን እንዳይላክለት፣ የተደገመውን አንድ አድርግ። አንድ ሰው መሆኑ በምን ይታወቃል? ስሙ አንድ ከሆነ፣ የትውልድ ቀኑም አንድ ከሆነ። አድራሻውና ክሊኒኩ ቢለያይስ? ከየትኛውም አዲሱን ውሰድ።

ስሙና የትውልድ ቀኑ! ይህን ሕግ የጻፈው ፈረንጅ ቢሆን አይፈረድበትም። የጻፍኩት እኔ ነኝ። እኔ የተወለድኩት ክረምት ላይ ነው። ዲቪ ስሞላ የኢንተርኔት ቤቱ ልጅ ቀኑን ወደ ፈረንጅ መለወጥ ታከተውና «ጃንዋሪ አንድ ብዬ ልሙላው? ለማስታወስም ይቀልሃል» አለኝ። እኔም ይቀለኛል አልኩ። ይኸው በየዓመቱ መሥሪያ ቤቴ ከበዓል ስንመለስ ኬክ ያቀርብልኛል፤ እኔም ሻማ አጥፍቼ የማላውቀውን ልደቴን እበላለሁ። የኛ ቸርች ጃንዋሪ አንድ ላይ ለተወለዱት መዝሙር ቢጋብዝ የሚዘምረው እንጂ የሚዘመርለት አይጠፋም። ታላላቆቻችንማ ዓመተ ምሕረቱንም ሲጠየቁ ዜሮ ላይ በሚያልቅ ቁጥር ላይ ነው የሚያርፉት። ይህን ሁሉ እያወቅሁ «ስሙና የትውልድ ቀኑ» ብዬ ጻፍኩ፤ ኬኩን የሚበላውና ኮዱን የሚጽፈው ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች የሆኑ ይመስል።

የሁለቱንም ድርጅት ዝርዝር ላፕቶፔ ላይ ወዳለች ትንሽ ዳታቤዝ ገልብጬ ሞከርኩት። አንድም የተደገመ ሰው የለም አለኝ። ዳታችን እንዴት ንጹሕ ነው ብዬ ተኮፈስኩ። ያቺን አንድ መስመር ቀየርኩና የሁለቱም ድርጅት ታካሚዎች የተሰበሰቡበት ትልቁ የሳን ሆዜ ዳታቤዝ ላይ እንዲሠራ አድርጌ፣ በ880 ፍሪዌይ ላይ እያፏጨሁ ወደ ቤቴ ነዳሁ። እራት ላይ እትዬ አልማዝን እንኳ «ከነገ ጀምሮ መኪናዎ በኔ ኮድ ነው የሚመጣው» አልኳቸው። ቀና ብለው አይተውኝ «እግዚአብሔር ይርዳኝ» አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ቢሮ ገብቼ ገና ጃኬቴን ሳላወልቅ ስልኬ ጮኸ።

«ልጄ፣ መኪናው አልመጣም።»

ስክሪኔን አየሁ። «እትዬ፣ መጥቷል እኮ።»

«የት?»

«ፒክ አድርጎዎታል ይላል።»

«ማንን?»

«እርስዎን።»

«እኔ ሶፋዬ ላይ ነኝ።»

«እትዬ፣ ሲስተሙ መኪና ውስጥ ነዎት ይላል።»

«ሶፋዬ ላይ ነኝ እልሃለሁ! ቦርሳዬ ጭኔ ላይ ነው፣ ብርድ ልብሴም እዚሁ ነው።»

«ምናልባት ከመኪናው ወርደው ተመልሰው ገብተው እንዳይሆን?» አልኩ። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ከአፌ ሲወጣም ሰምቼዋለሁ።

«አንተ ልጅ፣ ቁርስ በልተሃል?» አሉኝ።

ምን ላድርግ? ሲስተሙን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ እትዬ አልማዝን ግን አልሠራኋቸውም። ሰውና ሲስተም ሲጣሉ የትኛውን እንደማምን ያን ጠዋት ራሴን አወቅሁት፤ አልወደድኩትም። «እስቲ አንዴ ይጠብቁኝ» ብዬ ሹፌሩ ጋ ደወልኩ። ሹፌሩ ቴዲ ይባላል፤ በዲቪ መጥቶ ገና መንገድ እየለመደ ያለ፣ ታብሌቱ ያለውን ሁሉ የሚያምን ትሑት ልጅ ነው።

«ቴዲ፣ አልማዝ ተሰማን ፒክ አድርገሃል?»

«እንዴ፣ ድሮፕ አድርጌያቸው ወጣሁ እኮ! ታብሌቱ ላይ መመዝገቡን ረስቼ ነው እንጂ ክሊኒክ ገብተዋል። አሁን ሌላ ሰው ይዤ ፍሪዌይ ላይ ነኝ። በናትህ እንዴት ያሉ ሴት ናቸው፣ መንገዱን ሙሉ በሳቅ ነው የገደሉኝ።»

ተነፈስኩ። ይኸው! ሲስተሙ ትክክል ነው። እንዲህ ብዬ ወደ እትዬ ልመለስ ስል አንድ ነገር ያዘኝ። እትዬ አልማዝ ሰው አያስቁም።

«ቴዲ… ከየት ነው ያነሳሃቸው?»

«ከሳን ሆዜ ነዋ።»

«የት አደረስካቸው?»

«ኦክላንድ። ታብሌቱ ኦክላንድ አለኝ። ‹ዛሬ ራቀሳ፣ ቀይረውኝ ይሆን?› ሲሉኝ ኮል ላድርግ ወይ ብያቸው ነበር፤ ‹ተወው ልጄ፣ ለኔ ብለህ አትቸገር› አሉኝ።»

እግዜር ያሳያችሁ። ኩላሊታቸውን ሊታጠቡ ከሚሄዱበት ክሊኒክ ወደ ሌላ ከተማ እየተወሰዱ፣ ልጁን ላለማስቸገር ብለው ዝም አሉ። ይሉኝታችን ዳታቤዝ ውስጥ የራሱ ዓምድ ተሰጥቶት መመዝገብ አለበት።

ወደ ዳታው ገባሁ። ሁለት አልማዝ ተሰማ አሉ። አንዷ የኔ አከራይ፣ ሌላዋ የማላውቃቸው የሳን ሆዜ ሴት። ሁለቱም ጃንዋሪ አንድ፣ ሁለቱም በዚያው ዜሮ በሚያልቅ ዓመት፣ ሁለቱም የኩላሊት ታካሚ። የኦክላንዱ ድርጅት ስምን ሁሉ በትልልቁ የእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚጽፈው፤ የሳን ሆዜው መጀመሪያዋን ፊደል ብቻ ትልቅ ያደርጋል። የላፕቶፔ ዳታቤዝ ጥብቅ ናት፤ ትልቅና ትንሽ ፊደል ለየብቻ ነው ብላ ሁለቱን ሴቶች አላገናኘችም። ለካ አንድም የተደገመ ሰው ያጣችው ለዚህ ነው! ትልቁ ዳታቤዝ ደግሞ በፊደል መጠን የማይጨነቅ ለቀቅ ያለ ነው፤ ያው ናቸው ብሎ አንድ ሴት አደረጋቸው። መሣሪያው ለሁለቱም ያንኑ ቃል በትክክል ነግሯል። አድራሻውን በቅርቡ ቤት ከቀየሩት ከሳን ሆዜዋ፣ ክሊኒኩን ደግሞ በቅርቡ የእጥበት ሰዓታቸውን ካስተካከሉት ከእትዬ አልማዝ ወስዶ፣ በዓለም ላይ የሌለች ሦስተኛ አልማዝ ፈጠረልኝ።

ከዚያ የባሰው ገባኝ። የእጥበት ማሽን ከሰውነት ትርፍ ውሃ ያወጣል። ምን ያህል እንደሚያወጣ የሚታወቀው በሚዛን ነው፤ ዛሬ የሚመዝኑት ከወትሮው ኪሎ ምን ያህል እንደበለጠ ታይቶ። ክሊኒኩ የሚጠብቀው የእትዬ አልማዝን ኪሎ ነው፣ የቀጭኗን። የገቡት ሴትዮ ግን ቴዲን ስጠይቀው «ደልደል ያሉ ናቸው፣ ሲወርዱ ቫኑ ተነፈሰ» አለኝ። ማሽኑ ልዩነቱን ሁሉ ውሃ ነው ብሎ ካወጣው ግፊታቸው ይወርዳል፤ ራሳቸውን ሊስቱ፣ ከዚያም ሊብስ ይችላል። ታካሚ ሲገባ የሚጠየቀውስ ምንድን ነው? ስምና የትውልድ ቀን!

ክሊኒኩ ጋ ደወልኩ። ለእንግሊዝኛ አንድን ይጫኑ፣ ለዚህ ይህን ይጫኑ፣ ከዚያ ሙዚቃ። እንደዚያ ያለ የተረጋጋ ሙዚቃ ሰው ለማሳበድ ካልሆነ ለምን እንደሚቀናበር አላውቅም። በመጨረሻ እንግዳ ተቀባይዋ አነሳች።

«የታካሚዋ ስምና የትውልድ ቀን?»

«አልማዝ ተሰማ፣ ጃንዋሪ አንድ። ግን እሷ አይደለችም!»

«ገብታለች፣ ወንበሯ ላይ ናት፣ ደህና ናት።»

«እሷ አይደለችም እኮ ነው የምልሽ!»

«ጌታዬ፣ ስሟም ቀኗም ገጥሟል። አንተ ምኗ ነህ?»

«ተከራይዋ።»

የታካሚ ምስጢር ለተከራይ እንደማይነገር በትሕትና ነገረችኝ። ለነርሷ መልእክት አስተላልፋለሁ ብላ ወደ ሙዚቃው መለሰችኝ። ያው እንደኔ ነው የሆነችው፤ ሲስተሙ ውስጥ ናት ካላት ናት።

ስጮኽ ሰምታ ዲያና መጥታ ከኋላዬ ቆማለች። በአጭሩ ነገርኳት። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ያቺን አንድ መስመር መልሳት» አለች። መለስኳት። «አሁን ሂድ። ክሊኒኮቹን እኔ እይዛቸዋለሁ።» ስልኩን ከእጄ ወስዳ ሙዚቃውን በኔ ምትክ ማዳመጥ ጀመረች።

ወደ መኪናዬ እየሮጥኩ እትዬ ጋ ደወልኩ።

«እትዬ፣ ይቅርታ። ሶፋዎ ላይ ነዎት።»

«ተመስገን፣ ነቃህ።»

«ሌላ አልማዝ ተሰማ አሉ። በእርስዎ ስም ገብተው የእርስዎ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ማሽኑን በእርስዎ ኪሎ ከለቀቁባቸው አደጋ ነው።»

«የመስኮቷ ወንበር?» አሉ።

«አዎ፣ ግን እትዬ…»

ስልኩ ተዘጋ። ደግሜ ብደውል አያነሱም።

በ880 ላይ ጠዋት የነዳ ሰው ፍሪዌይ የሚለው ስም ቀልድ መሆኑን ያውቃል። ከፊቴ የወደብ ኮንቴይነር የጫኑ ትራኮች ተሰልፈዋል፤ በግራ ትራክ፣ በቀኝ ትራክ። ፈራሁ። በእውነት ነው የምላችሁ፣ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። አይቻቸው የማላውቃቸው፣ ልጅ ላለማስቸገር ብለው ዝም ያሉ እናት ወንበር ላይ ተጋድመው ይታዩኛል። እኔ ሰው በእጄ ነክቼ አላውቅም፣ ኪቦርድ ነው የምነካው፤ በዚያች ኪቦርድ ሰው ልገድል ነው እያልኩ መሪውን እደበድባለሁ። ሄይዋርድ አካባቢ ስደርስ ስልኬ ጮኸ። እትዬ አልማዝ ናቸው።

«እዚህ ክሊኒክ ነኝ» አሉ።

«በምን መጡ?»

«በሚጌል።» ሚጌል ጎረቤታችን ነው፤ ኦክላንድ ወደብ ኮንቴይነር የሚያመላልስ ሹፌር። ለካ ሴትዮዬ ስልኩን እንደዘጉ መንገድ ተሻግረው፣ ወደ ሥራ ሊወጣ ሞተር ያስነሳውን ሰውዬ መስኮት በቦርሳቸው አንኳክተው፣ በምልክት ወደ ክሊኒኩ አስነድተውታል። ኮንቴይነሩን ባይጎትት እንኳ የትራክ ራስ ላይ መውጣት መሰላል እንደ መውጣት ነው። «እዚህ በር ላይ ያለችው ልጅ ደግሞ እንዳንተ ‹ውስጥ ነሽ› ትለኛለች። ጥያት አልፌ ገባሁ። ሴትዮዋ ወንበሬ ላይ ናት። ነርሷ መርፌ ይዛለች። የዘወትሯ አይደለችም፣ አታውቀኝም። ንገርልኝ!»

ከፍሪዌይ ወጥቼ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ቆምኩ። እትዬ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርገው ነርሷ ፊት ዘረጉት። አስተርጓሚ ሆንኩ ማለት ነው።

«እርስዎ ማን ነዎት?» አለች ነርሷ በእንግሊዝኛ። «ስምና የትውልድ ቀን?»

በአማርኛ ጠየቅሁ። ሁለት ድምፅ እኩል መለሰልኝ፤ «አልማዝ ተሰማ፣ ጃንዋሪ አንድ!»

ከኋላቸው የማሽኑ ድምፅ ይሰማኛል።

«ሁለት ሰዎች ናቸው» አልኩ፤ ይህን ማንም ተርጉም አላለኝም። «እባክሽ መርፌውን አስቀምጪው። ስማቸው አንድ ነው፣ ቀናቸው አንድ ነው፣ ሰዎቹ ግን ሁለት ናቸው።»

«ታዲያ የዚህ ወንበር ታካሚ የትኛዋ ናት? ለነገሩ ይህችኛዋ ከወትሮው በጣም ብዙ ውሃ ይዛ ነው የመጣችው። ስቆጣት ይቅርታ ጠይቃኛለች።»

ይህን ለእትዬ ስተረጉም የሳን ሆዜዋ አልማዝ ድምፅ ከጀርባ መጣ፤ ለስላሳ፣ ሳቅ የተቀላቀለበት። «እውነቷን ይሆናል ብዬ ነው እንጂ። ትናንት ሾርባ ጠጥቻለሁ።»

«ምን ውሃ!» ብለው ጮኹ እትዬ አልማዝ። «ውሃ አይደለም በላት! ሥጋዋ ነው! የራሷ ሥጋ!»

እኔ ጨዋ ነኝ። ለነርሷ «የኚህ እናት የተለመደ ክብደት ምናልባት ትንሽ ይለያል ይላሉ» ብዬ አለዘብኩት።

«እንደዚያ አላልኩም!» አሉ እትዬ። «መናገሩ ቢያቅተኝ መስማት አያቅተኝም። ያልኩትን በል!»

ነዳጅ ማደያ ውስጥ፣ ሰው እየሰማኝ፣ በእንግሊዝኛ «ውሃ አይደለም፣ የራሷ ሥጋ ነው» ብዬ ጮኽኩ። አንድ ጎማ የሚነፋ ሰውዬ ቀና ብሎ አየኝ።

ከዚያ ኮቴ ሰማሁ፣ ብረት ላይ። በኋላ እንደነገሩኝ፣ እትዬ አልማዝ ጫማቸውን አውልቀው ራሳቸው ሚዛኑ ላይ ወጥተዋል። ነርሷ ቁጥሩን አየች፣ ስክሪኗን አየች፣ ደግሞ ቁጥሩን አየች። የዚያን ሰሞን ኪሏቸው ነው፣ ልክ። ከዚያ የሰማሁት አንዲት «ኦ ማይ ጋድ» እና መርፌው ትሪ ላይ ሲቀመጥ ያሰማትን ድምፅ ነው።

መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። አላፍርም። ሰውዬው ጎማውን ትቶ መጥቶ መስኮቴን አንኳክቶ «ደህና ነህ?» አለኝ። ደህና ነኝ አልኩት፣ ሁለቱም ደህና ናቸው አልኩት። ማንኛዎቹ ሁለቱ ብሎ አልጠየቀኝም፤ ውሃ ገዝቶ ሰጠኝ።

ክሊኒኩ ስደርስ የሚጌል ትራክ ሦስት መኪና የሚያቆም ቦታ ይዞ ቆሟል። ውስጥ እትዬ አልማዝ የመስኮቷ ወንበራቸው ላይ፣ ብርድ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ማሽኑ በራሳቸው ኪሎ እየሠራላቸው ነው። የሳን ሆዜዋ አልማዝ እንግዳ መቀበያው ጋ ተቀምጠው የሚጌልን ልጆች ፎቶ ያያሉ። ዲያና የሳን ሆዜውን ክሊኒክ አግኝታ ከሰዓት በኋላ ወንበር አስይዛላቸዋለች፤ ቴዲም ሊወስዳቸው ተመልሶ እየመጣ ነው። ፊታቸው ቆሜ ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት እጄን ያዙኝ።

«አንተ ነህ አንድ ያደረግኸን?»

«እኔ ነኝ እናቴ። ይቅር ይበሉኝ።»

«እኔም እኮ ዝም ማለት አልነበረብኝም» አሉ። «ቆይ፣ እሷንም ጃንዋሪ አንድ ያላት ማነው? የኔን ኤምባሲው በር ላይ ፎርም የሚሞላው ልጅ ነው ያወጣልኝ።»

ገብቼ እትዬን ጠየቅኳቸው። የእሳቸውንም ያ ልጅ ነው። የሌላዋንም እሱ መሆኑን ስነግራቸው፣ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እትዬ አልማዝ ሲስቁ ሰማሁ፤ ማሽኑ ፒፕ ፒፕ እስኪል ሳቁ፣ ነርሷም ሮጣ መጣች።

ከዚያ ወዲህ መሣሪያውን አልተውኩትም፤ እሱ ምን አጠፋ? ሕጉን ነው የቀየርኩት። አሁን ሁለት ሰው አንድ ከመሆኑ በፊት ሰው ደውሎ ሁለቱንም ያነጋግራል። የሚደውለው ሰው እኔ ነኝ፤ ዲያና ፈርዳብኛለች። ሁለቱ አልማዞች ደግሞ በየቀኑ ይደዋወላሉ፤ ግድግዳው ስስ ስለሆነ ስለኔ የሚባለውን ሁሉ እሰማለሁ።

ዘንድሮ ጃንዋሪ አንድ ሲደርስ እንደ ካሣ ብዬ ለሁለቱም ኬክ አዘዝኩ። ሁለት ኬክ፣ ሁለቱም ላይ «አልማዝ» ተጽፎበት። በዋዜማው ልወስድ አፕታውን የሚባለው የኦክላንድ ሰፈር ውስጥ ወዳለው ኬክ ቤት ስሄድ ልጅቷ አንድ ካርቶን ብቻ አወጣችልኝ።

«ሁለት ነበር ያዘዝኩት» አልኳት።

«አዎ፣ ሲስተሙ ተደግሟል አለ» አለችኝ ፈገግ ብላ። «ስሙም ቀኑም አንድ ነው። አንዱን ሰርዘንልሃል።»

አንገቴን ደፍቼ አንዱን ኬክ ይዤ ገባሁ። ሁለቱ አልማዞች ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የሆነውን ነገርኳቸው። እትዬ አልማዝ ካርቶኑን ከፍተው አዩት፣ ቢላዋውን አነሱና ስማቸውን መሃል ለመሃል ከፈሉት።

«ኬኩ አንድ ይበቃናል» አሉ። «መርፌውን ነው ለየብቻ የምንፈልገው።»